ጌም ቤት ያደገ ሰው ስለ ጌም ቤት ይናገር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጌም ቤቶች ወጣቱን እያበላሹ ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩ። አንብቤም ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከፕሌይስቴሽን ዋን ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ጆይስቲክ የያዝኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የልጆች አባት ነኝ፣ ሥራም አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከጌም ቤት አልቀርም።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ፒያሳ አካባቢ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ መጋረጃ። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ደሴ ላይ ጣት ይደነዝዛል። እኛ ግን አሥር ሆነን ተጠጋግተን ስለምንቀመጥ ክፍሏ እንደ ማድ ቤት ትሞቅ ነበር። ማሽኑ አርጅቶ ሲዲ አላነብ ሲል ባለቤቱ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ይሠራል። ያኔ ተአምር ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሌንሱ የሚንሸራተትበት ክፍል ፕላስቲክ ስለሆነ በሙቀትና በብዙ አገልግሎት ይበላል፣ ሌንሱም ያዘነብላል፤ ማሽኑ ሲገለበጥ መልሶ ይስተካከላል።

ሕግም ነበረን። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሁለት ለዜሮ እየመራህም ቢሆን እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው። ስንቱ ተጣልቶበታል፣ ስንቱስ እዚያው ታርቋል! አርብ ለጁምዓ ቤቱ ይዘጋል፤ ጓደኞቻችን ሰግደው እስኪመለሱ በሩ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። እሁድ ደግሞ እኛ ከቅዳሴ እስክንመጣ እነሱ ተራ ይይዙልናል። ተራ መጠበቅን፣ ተሸንፎ ጨብጦ መነሳትን የተማርኩት እዚያ አግዳሚ ላይ ነው።

ከዚያ ፕሌይስቴሽን ቱ መጣ። እኔን ከጠየቃችሁ እስከ ዛሬ የሚበልጠው ማሽን አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ፔስ 6 የተባለውን የኮናሚ ኩባንያ የኳስ ጌም የተጫወተ ሰው የኢንተር ሚላኑን አጥቂ የአድሪያኖን ግራ እግር አይረሳም፤ ኳሷን ከሩቅ ይመታታል፣ በረኛው ዞሮ መረቡን ያያል። በዚህ የተነሳ እኛ ቤት ኢንተር ሚላንን መያዝ ክልክል ነበር። ኮናሚ የብዙ ክለቦችን ስም ለመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» እየተባሉ ይመጡ ነበር። እኛም ቁጭ ብለን ስማቸውንና ማሊያቸውን አንድ በአንድ አስተካክለን 8 ሜጋባይት የምትይዘው ሜሞሪ ካርድ ላይ እናስቀምጣለን። የኔን ሜሞሪ በዩኒፎርሜ ኪስ ይዤ ነበር ትምህርት ቤት የምውለው፤ እንዳይጠፋብኝ ስል በየደቂቃው እዳብሰዋለሁ።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ያ ቤት ባዶውን ቀረ። ቴሌቪዥንም ማሽንም አልተረፈም። ባለቤቱ ተበድሮ አንድ አሮጌ ማሽን ገዛና እንደገና ከፈተ። በየሄድንበት ተበትነን የከረምን ልጆች «አለህ?» የተባባልነው፣ ማን እንደተመለሰ፣ ማን እንደቀረ ያወቅነው እዚያ ነው። ያን ቀን ብዙም ሰው አልተጫወተም። ማበላሻ የምትሉት እንግዲህ ይህን ቤት ነው።

ጥፋት የለም አልልም። በገንዘብ የሚያወራርዱ ቤቶች አሉ። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የሚያስገቡም አሉ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከናንተ ጋር ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል ማለታችሁም እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ግን እዚያው የተቀመጠው መስፈርት ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥልበት፣ ይህም ባብዛኛው ቢያንስ 12 ወር ሲቆይ ነው። ቅዳሜ ሦስት ጌም ተጫውቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ በሽተኛ አይባልም።

እኔን የሚያስፈራኝ ስልኩ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ልጇን ከጌም ቤት አስቀርታ ስልክ ገዛችለት። አሁን ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ብቻውን ኳስ ይጫወታል። አንድ ቀን አጠገቡ ሆኜ አየሁት። ስክሪኑ ላይ የታሸገ የተጫዋች ካርድ መጣ። ማን እንደሚወጣ አይታወቅም። ሲከፍተው የማይረባ ተከላካይ ወጣ፣ ወዲያው ሌላ ግዛ አለው። የልጁ ዓይን ከዚያ ካርድ ላይ አልነቀል አለ። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ በገንዘብ የሚከፈቱ ጥቅሎችን ቁማር ናቸው ብሏል፤ ኢኤ (EA) የተባለው የፊፋ ጌም አሳታሚም እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ጥቅሎቹ የሚገዙበትን የፊፋ ፖይንት እዚያ አገር መሸጥ አቁሟል። (የጌሙ ስም ከፊፋ 23 ወዲህ ተቀይሯል፣ ደሴ ላይ ግን አሁንም ፊፋ ነው።) ጌም ቤት ብትሆን ባለቤቱ «ሂሳብህ አልቋል፣ ተነስ» ይልሃል። ተራ የሚጠብቀው ልጅ ይጎነትልሃል። ጎረቤት አይቶህ ለእናትህ ይነግራል። ስልኩ ጋ ተነስ የሚል ሰው የለም።

ስለዚህ ይዘጉ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እባካችሁ ዘጋቢ ላኩ። በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳይገባ፣ በገንዘብም እንዳይወራረዱ ይታዘዝ፤ ያላከበረው ይታሸግ። እኛ ቤት ሁለቱም በባለቤቱ የእጅ ጽሑፍ ካርቶን ላይ ተጽፈው በሩ ላይ ተሰቅለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ፒያሳ