ፒያኖ የሚችል ሁሉ ኦርጋኒስት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ፒያኖ የሚችል ሰው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን (በቱቦዎች የሚሰማ፣ በእጅና በእግር የሚመታ ባለቁልፍ መሣሪያ) አያቅተውም የሚለው አስተያየት በገጻችሁ መውጣቱ ይህን እንድንጽፍ አድርጎናል። ፒያኖ መቻል ጥሩ መነሻ ነው። ኦርጋን ላይ ግን ጣትም እግርም እንደ አዲስ ነው የሚማሩት።

ጣት ከቁልፉ እንደተነሣ የኦርጋኑ ድምፅ ይቆረጣል፤ እንደ ፒያኖው ድምፁን አያይዞ የሚያቆይ ፔዳል የለም። ስለዚህ ተማሪው በ3ኛው ጣት የያዘውን ቁልፍ ሳይለቅ በ5ኛው መተካትን ይለማመዳል። ጠንክሮ መምታትም ድምፁን አያጎላውም፤ ያ የስቶፕ፣ ማለትም የትኞቹ ቱቦዎች እንዲሰሙ የሚወስነው መሳቢያ፣ ምርጫ ሥራ ነው። ስቶፖች በቱቦ ርዝመት መለኪያ በጫማ (ፊት) ይጠራሉ፤ ባለ 8 ጫማው የፒያኖውን የድምፅ ከፍታ ይሰጣል፣ ባለ 16ቱ አንድ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ ደረጃ) ዝቅ፣ ባለ 4ቱ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል።

በእግር የሚመታው የቁልፍ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 32 ቁልፎች አሉት። ዐይን ኖታው ላይ ሆኖ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ርቀቱን እግር ነው የሚለካው። ሶሉ ስስ፣ ተረከዝ ያለው ጠባብ ጫማ ያስፈልጋል፤ ስኒከር ሁለት ቁልፍ በአንዴ ይረግጣል። መዝሙር ሲጠና መጀመሪያ እግር ብቻውን፣ ቀጥሎ ግራ እጅ ከእግር ጋር፣ ከዚያ ቀኝ እጅ ከእግር ጋር፣ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ብዙዎች የሚዘሉት ሁለተኛውን ነው፤ ጣጣው ያለውም እዚያው ነው። ግራ እጅ በፒያኖ ልማዱ ባሱን (ዝቅተኛውን ድምፅ) ልያዝ ይላል፣ ባሱ ግን የእግር ነው፤ የግራ እጅ ድርሻ ከባሱ በላይ ያለው ቴነሩ ነው።

ሌላው ፈተና ምእመናንን ማዘመር ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 34 ሜትር ርቀው የተቀመጡ ሰዎች ኦርጋኑን የሚሰሙት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ዘግይተው ነው፤ ዝማሬያቸው ሲመለስ ደግሞ ሌላ አንድ አሥረኛ ይጨመራል። ኦርጋኒስቱ ልጠብቃቸው ካለ እነሱም እሱን ይጠብቃሉ፣ መዝሙሩም በየአንቀጹ እየተጎተተ ይሄዳል። ምቱን አጥብቆ መያዝ፣ በስንኙ መጨረሻ ደግሞ ለትንፋሽ እጅን በልኩ ማንሣት አለበት። ይህን የሚያስተምረው ከዘማሪ ጋር መሥራት እንጂ ብቻውን የሚጠና ሥራ አይደለም፣ የታላቁ የኦርጋን ሙዚቃ ደራሲ የባኽ ቢሆንም እንኳ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ አብዛኛው ቦታ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ኦርጋኒስት ቻርል ማሪ ቪዶር ፓሪስ በሚገኘው ሴን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ከ1870 እስከ 1933 መጫወቱ ይወራል፤ ያ ግን ብርቅ ነው። ሌላው ኦርጋኒስት ማስተማርና መዘምራን ማሠልጠን ይጨምርበታል። ውሉ ላይ የሰርግና የቀብር ክፍያ፣ በዕረፍት ጊዜ ማን እንደሚተካ፣ በተለይም ኦርጋኑ ላይ የመለማመጃ ሰዓትና የበሩ ቁልፍ ይጻፍ።

ቀጣሪዎች ደግሞ ተወዳዳሪውን የተዘጋጀበትን ሥራ ብቻ አታስጫውቱት። የማያውቀውን መዝሙር ሰጥታችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰዎች እየዘመሩ አራት አንቀጽ ያጅብ። ቀጥሎም መዝሙሩን በሙሉ አንድ ቶን (አንድ ሙሉ የድምፅ እርከን) ዝቅ አድርጎ ይድገመው። ሰዓት ካጠረ የሚቀረው የተዘጋጀበት ይሁን።

ከኦርጋን መምህራን