ሙዚቃ በኤፍ ኤም ተጀመረ ያለው ማነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ስለ ሬዲዮ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር ወጣቶቹ ታሪኩን ከኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ይጀምሩታል። እሱ እኮ የመጣው በ1992 ዓ.ም. ነው! ከዚያ በፊት ጆሯችንን ዘግተን የኖርን ይመስላቸዋል እንዴ?

እኛ የኢትዮጵያ ሬዲዮን የምንሰማው በመካከለኛ ሞገድ፣ በ873 ኪሎ ኸርዝ ነበር። እናቴ ሬዲዮኑን ዳንቴል አልብሳ ቁም ሣጥን ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣውና ለአንድ ምሽት ነፍስ ይዘራል። የዘፈን ምርጫ ሲደርስ አባቴ «ድንጋይ ለዜና ይቆጠብ» ብሎ ያጠፋዋል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ነው። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን ምድር ለምድር ይጓዛል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ወደ ላይ የወጣው ሞገድ ከሰማይ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ የሩቅ አገር ጣቢያ ሁሉ ይመጣል፣ የዐረብ ዘፈን ከእኛው ትዝታ ጋር እየተደባለቀ ሲሰማ ማን ለማን እንደሚያዜም አይለይም ነበር። ኤፍ ኤም ጥራቱን አልክድም። ግን ተራራ አይወድም፤ ጣርማ በርን የመሰለ ጋራ ከመጣበት ያበቃለታል። መካከለኛ ሞገድ ገደል ገብቶ ለእረኛውም ይደርስ ነበር።

እባካችሁ በጡረታ ላይ ያሉትን የማሰራጫ ቴክኒሻኖችና የሙዚቃ አዘጋጆች ፈልጋችሁ አነጋግሩልን። እድሜያቸው እየገፋ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን