ልምምድ ሲሰለች ከበሮውን አሙቁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ወጣት የድራም ልምምድ እንደ ሰለቸው፣ ስቲኩን ገና ሲያነሳ እንቅልፉ እንደሚመጣ ጽፎ ነበር። መልስ የሰጡት ሁሉ አዲስ መሣሪያ ግዛ፣ ቪዲዮ ተመልከት፣ በርታ አሉት። መበርታቱስ ባልከፋ፤ ግን የሰለቸህን አብዝተህ ሥራ ማለት ለጠገበ ሰው እንጀራ መጨመር ነው። እኔም የምለው ስላለኝ ይህን ጻፍኩ።

የሠርግ ከበሮ መቺ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን። ያን ተቀምጠው በእጅም በእግርም የሚመቱትን ድራም እኔ ነክቼው አላውቅም፤ የእህቴ ልጅ ግን ሆቴል ውስጥ ይመታል፣ ልምምዱም እኛው ቤት ጓዳ ነው። ጎረቤት እንዳይቆጣ ብሎ በብርድ ልብስ ይሸፋፍነዋል፤ ብርድ ልብስ መቼም በደብረ ብርሃን አይጠፋም። እሱም እንደዚያ ወጣት «ሰለቸኝ» ማለት ጀምሮ ነበር። እንዴት አይሰለቸው? ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የታፈነ ድምፅ ነው። ሰው ገበያ በወጣበት ሰዓት እንኳ ገላልጠህ ምታ አልኩት። አሁን የገበያ ቀን ሲደርስ በጉጉት ነው የሚነሳው።

ከበሮ የሚያውቅ ሰው ስለ እጁ ከማማረሩ በፊት ቆዳውን ይነካል። ሐምሌና ነሐሴ፣ ጉሙ ሳይነሳ ሲውል፣ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል። የላላ ቆዳ እጅህን አንሥቶ አይመልስልህም፤ እያንዳንዱን ምት አንተው ራስህ ጎትተህ ነው የምታነሳው፤ ትከሻ ያልቃል፣ ድምፁም ያው ድፍን ነው። ብዙ ልጆች «ስልቹ ሆንኩ» የሚሉት ቆዳው ላልቶባቸው ነው። ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ከሌለ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ማሞቅ ነው። ማሞቅም ወግ አለው። ከበሮውን እያገላበጡ፣ በመዳፍ እየዳሰሱ፣ በጣት ጫፍ ቆርቆር እያደረጉ ያዳምጡታል። መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ቆይቶ ይቀጥናል፣ ከዚያ ጥርት ይላል። መዳፍን ሲያሳርፉበት የሰው ገላ ያህል ከሞቀ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ይሰነጠቃል፤ ያውም ሙሽራው ደጅ ሲደርስ ጠብቆ ነው የሚሰነጠቀው። የፕላስቲክ ቆዳ ያለውም ቢሆን ዙሪያውን ብሎን አለው። የእህቴ ልጅ አንድ ምሽት ብሎኖቹን ፊት ለፊት ያሉትን በተራ እያጠበቀ፣ እየመታ፣ እንደገና እያላላ ሲያስተካክል እራት ቀርቦ ቢጠራ አልመጣም። ወጡ ቀዘቀዘ።

ሌላው፣ ዛሬ ልጆች የማይወዱት፣ መጠበቅ ነው። ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሊቃውንቱ መጀመሪያ ቁም ዜማውን በድምፅ ብቻ ይላሉ፣ ከዚያ መቋሚያቸውን ከዜማው ጋር እያወዛወዙ ይዘምማሉ፤ ከበሮው ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ተራው ሲደርስ መረግድ በሚባለው ክፍል በዝግታ ይገባል፣ እየጠነከረ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ጽፋት በሚባለው ፈጣን ክፍል ላይ ጭብጨባው ሲጨመር እኔ በሴቶች በኩል የቆምኩት እንኳ እግሬን መያዝ ያቅተኛል። ያ ኃይል የተጠራቀመው ቀድሞ ባለው ዝምታ ነው። የዘመኑ ልጅ ግን ከጽፋቱ ይጀምርና እዚያው ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ወዴት ሊሄድ ነው?

ዐቢይ ጾም ሲገባማ ከበሮውም ጸናጽሉም ያርፋሉ፤ 55 ቀን ዜማው በመቋሚያ ነው። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ ያው ቆዳ፣ ያው መቺ ነው፤ ጆሯችን ግን ተርቦ ቆይቷልና እንባ የሚቀድመው ሰው ብዙ ነው። እኛም የሠርግ መቺዎች በጾም ሥራ የለንም። እኔ ያን ጊዜ ከበሮ አልነካም፤ ሊጥ ሳቦካ ምቱን በአፌ እላለሁ፣ ውኃ ስቀዳ በእግሬ እረግጠዋለሁ። ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ ሠርግ ሲጠራኝ እጄ ራሱ ይቸኩላል። ስለዚህ ልጄ፣ አስበህበት አስቀምጠው፤ የምታነሳበትን ቀን ግን ቀድመህ ቁረጥ። እንዲሁ ከተውከው አቧራ ነው የሚጠጣው።

ዕረፍት ላይ ሳለህ ችክችካውን፣ ያን ባለ ስድስት ምት የጭፈራ ስልት፣ በባዶ እጅ ሥራው። ስድስቱን ምት ሁለት ጊዜ ሦስት ብለህም፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ብለህም ልትከፍለው ትችላለህ። አንደኛውን በእግርህ፣ ሌላውን በጭብጨባ ያዝ። ቀላል ይመስላል፤ የእህቴ ልጅ ከነሆቴሉ ሥራው እዚህ ላይ ሲደናበር አይቼ ስቄበታለሁ። አሁን ግን ታክሲ ውስጥም ጉልበቱን እየመታ ያስቸግራል።

ደግሞስ ለማን ነው የምትመታው? ሠርግ ላይ እኔ እጄን አላይም፤ የማየው የሚጨፍሩትን ትከሻ ነው። አንዷ ትከሻዋን ዘግየት አድርጋ ከጣለች እኔም እጠብቃታለሁ፤ ከቸኮለች እከተላለሁ። በአንድ ምሽት አንዱን ምት ስንቴ እንደምደጋግመው አላውቅም፣ ሰልችቶኝም አያውቅም፤ ትከሻው ሁልጊዜ ሌላ ነውና። ክፍል ዘግቶ ለግድግዳ የሚመታ ሰው ግን ግድግዳው ምን ይመልስለታል? የምትዘፍን እህት፣ የምታጨበጭብ አያት ካለች ጥራት።

የከተማችን ኃላፊዎችም ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ላንሣ። እዚሁ አንድ የወጣቶች መሰብሰቢያ ውስጥ ሙሉ ድራም ተቆልፎበት ተቀምጧል። ልጆቹ ሲጠይቁ ቁልፉ ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ይባላሉ። ስብሰባው እስኪያልቅ ቁልፉን ለዘበኛው ቢተውት ምን አለበት?

ወጣቱን የምታገኙት ከሆነ ይህን ንገሩልኝ፦ ጥር ላይ ሠርግ ይበዛል፣ አጃቢ መቺም አይበቃንም። ወደ ደብረ ብርሃን ብቅ ቢል ከበሮ አስይዘዋለሁ። ጋቢ ግን ይዞ ይምጣ።

የሠርግ ከበሮ መቺዋ፣
ከደብረ ብርሃን