ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ፍየሎቹ ክትባት

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ውድ አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

«ክትባት ብለው ውሃ ወጉብን፤ የተከተቡትም አለቁ» ላሉኝ በስልክ መልስ ብሰጥ መሀል ላይ ይቋረጣል ብዬ በጽሑፍ አደረግሁት። ያሉት ግማሹ እውነት ሊሆን ይችላል። ክትባቱ ከተበላሸ ከውሃ አይሻልም፤ እንዴት እንደሚበላሽ ለመረዳት ግን ከቫይረሱ ገላ መጀመር ይሻላል።

ፍየሎቹ የተከተቡለት በሽታ ደስታ መሰል፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ዘመድ ነው፤ ያ ክፉ ቀንን ያመጣብን፣ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው። የልጆች ኩፍኝም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በጣም ስለሚመሳሰሉ ድሮ የከብቱን ደስታ ክትባት ለፍየልም ይሰጡት ነበር፤ ይሠራም ነበር።

ቫይረሱ የለበሰው ስስ የስብ ሽፋን ነው። በሽፋኑ ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች እንደ እሾህ ቆመዋል፤ ኤች እና ኤፍ ይባላሉ። ኤች ይጨብጣል፣ ኤፍ ያስገባል። ኤች ያገኘውን ሁሉ አይጨብጥም፤ መጀመሪያ የነጭ ደም ሕዋሳትን፣ ቀጥሎ የአፍን፣ የሳንባንና የአንጀትን ሽፋን ይይዛል። ፍየሏ ትኩሳቷ 40 እና 41 ዲግሪ ደርሶ፣ አፏ ቆስሎ፣ አፍንጫዋ ተዝረክርኮ፣ በመጨረሻ ተቅማጥ የሚጥላት ለዚህ ነው። ኤች አንዴ ከጨበጠ ኤፍ እንደ ተወጠረ ወጥመድ ይስፈነጠርና የቫይረሱን ሽፋን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ያዋህደዋል። ከዚያ ወዲያ ቫይረሱ ቤት ገብቷል።

የፍየሏ መከላከያም የሚያነጣጥረው እዚሁ ላይ ነው። ከነጭ ደም ሕዋሳቷ መካከል ቅርጻቸው ከኤች ወይም ከኤፍ ጋር የገጠመላቸው ይባዙና አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ፕሮቲን ያመርታሉ። አንቲቦዲው ኤችን ሲሸፍነው ቫይረሱ መጨበጫ ያጣል። የሚገርመው፣ ሰውነት ከሁሉ አብልጦ አንቲቦዲ የሚያመርተው ኤን በሚባል ፕሮቲን ላይ ነው፤ ኤን ግን ያለው በቫይረሱ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ያ ሁሉ ምርት ቫይረሱን ከበር አይመልሰውም። ሰውነትም አንዳንዴ እንደ ቢሮ ነው፣ ወረቀት ያበዛል።

ክትባቱ ራሱ ሕያው ቫይረስ ነው። በፈረንጆች 1975 ናይጄሪያ ውስጥ የተገኘው ዘር በላቦራቶሪ ሕዋስ ላይ ከ70 ጊዜ በላይ እየተዛወረ አደገኛነቱን አጣ፤ ኤችና ኤፍ ግን አሉት። በፍየሏ ገላ ውስጥ ጥቂት ይራባና ሁለቱን እሾሆች ለሰውነቷ ያሳያል። በደንብ ከያዘላት አንዱ መርፌ ቢያንስ 3 ዓመት ይጠብቃታል።

እንግዲህ «ውሃ» የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ቫይረሱን ይገድለዋል፤ የሞተ ቫይረስ አይራባም። የክትባቱ ዱቄት ተበጥብጦ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሲወጋ ምንም አይለይም፣ ጥቅም ግን የለውም። የ100 ፍየል ብልቃጥ በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ መበጥበጫ ይሟሟል፤ ለእያንዳንዷ 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር። ከተበጠበጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይደፋል እንጂ ለከሰዓት አይቀመጥም። ስለዚህ መንጋው ሳይሰበሰብ ብልቃጥ እንዳይከፈት፤ ሥራውም ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ይለቅ። ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፦ ሽፋኑ ስብ ስለሆነ ሳሙናና አልኮል ያሟሙታል። መርፌና ስሪንጁን ለንጽሕና ብሎ በአልኮል ያጠበ ሰው ክትባቱን እዚያው ስሪንጁ ውስጥ ገደለው ማለት ነው። በውሃ ተቀቅሎ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ እያለ መቅዳትም ያው ነው።

ባለሙያው ግልገሎቹን «አልከትብም» ያለው ስንፍና እንዳይመስልዎ። የተከተበች ወይም ታማ የዳነች እናት በእንገሯ የራሷን አንቲቦዲ ለግልገሏ ትሰጣለች። ያ አንቲቦዲ ለሦስት አራት ወር ይቆያል፤ እስከዚያ የክትባቱንም ኤች ይሸፍንና ሳይራባ ያከሽፈዋል። 4 ወር ሲሞላቸው ያስወጓቸው።

ሦስተኛው ጣጣ ቀን ነው። ፍየሏ በበሽታው ከተያዘች በኋላ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ክትባቱ ግን በቂ መከላከያ ለመስጠት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ቫይረሱ ቀድሞ ከገባ መርፌው አይደርስለትም፤ ሰው ግን «ክትባቱ ገደላት» ይላል። ከገበያ የሚገዙትንም 21 ቀን ሳይቀላቅሉ ለብቻ ያቆዩ፤ በአንድ ገንዳ አያጠጧቸው።

ከፒያሳ የገዛሁትን የበረዶ ሳጥን በመምሬ እጅ ልኬያለሁ። ለአሳ መያዣ ሳይሆን ለክትባቱ ነው፤ ክዳኑን ሳያስፈልግ እንዳይከፍቱት።

አሁን ሁለት ነገር ያጣሩልኝ፦ ያለቁት ፍየሎች ከተከተቡ በስንተኛው ቀን ነው የታመሙት? ስንቶቹስ ግልገል ነበሩ? በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ በሽታው ቀድሞ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ከወር በኋላ ከሆነ፣ ስሪንጁን በምን እንዳጠቡትና ብልቃጡ የት እንደዋለ ልጠይቅ።

ልጅዎ