የምርመራ ወረቀታችን ምን እንደሚል እንድናውቅ አግዙን፦ የድጋፍ ጥሪ

ይህ ጥሪ ከጡት ካንሰር ጋር ከምንኖር ሴቶች የመጣ ነው። የእኛ ካንሰር ከጡት አልፎ አጥንት፣ ጉበት፣ ሳንባ ወይም አንጎል ደርሷል። ሐኪሞች ደረጃ አራት ወይም ሜታስታቲክ ይሉታል። ገንዘብ የምንጠይቃችሁ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስለ በሽታችንና ስለ ሕክምናው በአማርኛ የሚያስረዳ የድምፅ ትምህርትና ትንሽ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው የካንሰሩን ዓይነት የሚለየውን ምርመራ መክፈል ላቃታቸው እህቶች ወጪውን ለመሸፈን ነው።

«ለምን በብሩ መድኃኒት አትገዙበትም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስንችል ለመድኃኒትም እናዋጣለን። ግን የካንሰሯ ዓይነት ያልታወቀ ሴት የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራላት እንዴት ይታወቃል? ቤተሰቧ ከብት ሸጦ የማይሆናትን ሊገዛላት ይችላል። ወይ ደግሞ በእጇ ያለውን ርካሽ ኪኒን፣ ዕድሜዋን ሊያራዝምላት የሚችለውን፣ ሳታውቅ ታቆመዋለች።

አንዲት እናት ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ከወሎ ነው የመጡት። የፓቶሎጂ ውጤታቸውን፣ ማለትም ከዕጢው የተወሰደው ናሙና የምርመራ ወረቀት፣ በፌስታል ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠውታል። «ልጄ፣ እስቲ እይልኝ፤ ምን ይላል?» አሉኝ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ነው። ከመታጠፉ ብዛት መሀሉ ሊቀደድ ደርሷል። ታች አካባቢ «ኢ አር ፖዘቲቭ» የሚል መስመር አለ። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው የተማረ ነው፤ ያቺ መስመር ምን ማለት እንደሆነች ግን እሱም አላወቀም። እናቱ የታዘዘላቸውን ታሞክሲፌን የሚባል ኪኒን አንድ እሽግ ጨርሰው፣ «አለቀ» ብለው ትተውታል። ለጉሮሮ ሕመም እንደሚታዘዝ መድኃኒት መስሏቸው ነው። በየቀኑ የሚዋጥ፣ እየሠራ እስከሆነ ድረስ የማይቋረጥ መድኃኒት መሆኑን ያስረዳቸው አልነበረም። ምናልባትም በጥድፊያ ተነግሯቸው አልገባቸውም። ሐኪሞቹ ላይ አልፈርድም። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየጠበቃቸው ለአንድ ታካሚ ግማሽ ሰዓት ከየት ያምጡ?

ያቺ መስመር ብዙ ነገር ትናገራለች። ካንሰሩ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን እየተጠቀመ የሚያድግ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሆርሞኑን ማገድ ካንሰሩን ያዳክመዋል። ነገሩ የቆየ እውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ግላስጎው ውስጥ ጆርጅ ቢትሰን የተባለ ሐኪም፣ የጡት ካንሰሯ በጣም የገፋባትን ሴት እንቁልጢዎች፣ ኤስትሮጅን የሚመነጭባቸውን፣ በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ዕጢው መሟሸሹን ጽፏል። ሆርሞን መኖሩ እንኳን በቅጡ ባልታወቀበት ዘመን ማለት ነው። ዛሬ ያንኑ ሥራ እንደ ታሞክሲፌን ያለች በየቀኑ የምትዋጥ ኪኒን ትሠራዋለች።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር «ሄር ቱ» የሚባል ፕሮቲን ነው። እሱ በዝቶ ከተገኘ ትራስቱዙማብ የሚባል፣ ብዙዎቻችን ሄርሴፕቲን በሚለው ስሙ የምናውቀው መድኃኒት አለ። ኢ አር፣ ፒ አር (ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሌላ የሴት ሆርሞን የሚመለከተው) እና ሄር ቱ ሦስቱም ከሌሉ ትሪፕል ኔጋቲቭ ይባላል። የእሱ ሕክምና በአብዛኛው ኪሞ በሚባለው፣ የካንሰር ሕዋሳትን በሚገድል መድኃኒት ላይ የቆመ ነው።

የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በብዛት ሆርሞን የሚያግድ መድኃኒት አይሠራለትም የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ነበር። በአዲስ አበባ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን ከሦስት ሴቶች የሁለቱ ያህል ካንሰር ኢ አር ፖዘቲቭ መሆኑን አሳየ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ታሞክሲፌን ከካንሰር መድኃኒቶች ርካሾቹ ውስጥ ነው። ብዙ እህቶቻችንን ከዚህ ኪኒን ጋር የሚያገናኛቸው አንድ የምርመራ ውጤት ነው። ምርመራው ግን በብዙ ቦታ አይሠራም። ከክፍለ ሀገር የመጣች ሴት ናሙናዋን ይዛ በግል ላብራቶሪ ከኪሷ ከፍላ ታሠራለች፤ ከሌላት ይቀራል።

ስለ ምርምሩ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ለእኔ ትልቅ ቦታ አለው። ታሞክሲፌን በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1973፣ በአሜሪካ በ1977 ሲፈቀድ የተፈቀደው ካንሰሩ ለገፋባቸው ሴቶች ነበር። ሄርሴፕቲንም በ1998 በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው ለደረጃ አራት ነው። ዛሬ በጊዜ የተደረሰባትን ሴት የሚያድኑት መድኃኒቶች መጀመሪያ የተሞከሩት እንደኛ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። መርፌውን ለመወጋት እጃቸውን የዘረጉት እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ፍሬውን ለማየት አልታደሉም። ስማቸውን አላውቅም፣ ግን ኪኒኔን ስውጥ አስባቸዋለሁ።

ምርምሩ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ሄር ቱ በትንሹ ብቻ የተገኘባቸው ሴቶች ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን የሚባል መድኃኒት ተሰጥቷቸው በሽታው ሳይገፋ የቆየበት ጊዜ ከ5 ወር ገደማ ወደ 10 ወር ገደማ ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊት እነዚህ ሴቶች «ኔጋቲቭ» ተብለው የሚታለፉ ነበሩ። መድኃኒቱ ዋጋው ከእጃችን የራቀ ነው። እሱን እንገዛለን ብለን ቃል አንገባም። ነገር ግን ወረቀታችን ላይ ከሄር ቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቁጥር ትርጉም እንዳላት፣ ነገ በር ሊከፈት እንደሚችል ማወቅ መብታችን ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ። የተሰራጨ የጡት ካንሰር በአብዛኛው ጨርሶ የሚድን በሽታ አይደለም። ሕክምናው በሽታውን ይይዘዋል፣ ሕመሙን ይቀንሳል፣ ጊዜ ይሰጣል። ያ ጊዜ ለአንዳንዷ ወራት፣ ለአንዳንዷ ዓመታት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጅ ይዳራል፣ ሥራ ይሠራል፣ ጾም ይፈታል። እኔ የምሠራው ቁጭ ብዬ ነው፤ የእኔ ካንሰር አጥንቴ ውስጥ ስለሆነ ብዙ መቆም አልችልም። «አሁን ደግሞ የአጥንት ካንሰር ያዛት» የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። አጥንት ውስጥ ቢገባም የጡት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። ይህንን ያላወቀ ቤተሰብ የማይሆን ቦታ ሲዞር ይከርማል።

ትምህርቱ ውስጥ ቅድሚያ የሰጠነው ነፍስ የሚያድነውን ነው። ካንሰሩ አጥንት የገባባት ሴት ጀርባዋን እያመማት እግሯ ከከዳት፣ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት፣ ነገ አይባልም። ዕጢው ኅብለ ሰረሰሯን እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት። ከዘገየች ላትራመድ ትችላለች። ሌላው የአጥንት ሕመም ነው። ለአጥንት ሕመም አንዴ ብቻ የሚሰጥ ጨረር፣ ተከፋፍሎ በብዙ ቀን ከሚሰጠው ባልተናነሰ እንደሚያስታግስ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ለአንዳንዷ በኋላ መደገም ሊያስፈልገው ይችላል። ቢሆንም ከሩቅ መጥታ መኝታ ለምትከራይ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪሟን መጠየቅ ትችላለች። ሞርፊንም «የመጨረሻ ነው» ተብሎ ይፈራል። የመጨረሻ አይደለም። በሐኪም መጠን የሚወሰድ የሕመም ማስታገሻ ነው። እህቶቻችን እየፈሩት ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ያድራሉ።

ስለ ጸበልም እንነጋገራለን። ብዙዎቻችን እንጠመቃለን፣ እኔም እጠመቃለሁ። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ።

ድምፅ የመረጥነው ብዙ እናቶች ስለማያነቡ ነው። ስልክ ግን አላቸው፣ ከሌላቸውም ልጃቸው አለው። አንዱ ትምህርት ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ይሆናል። ሁለት ኦንኮሎጂስቶች (የካንሰር ሐኪሞች)፣ አንድ ፓቶሎጂስትና የሕመም ማስታገስ ሥራ ላይ ያለች ነርስ ይዘቱን በነፃ ሊያዩልን ተስማምተዋል። ያላዩትን አናሰራጭም። መጽሐፉ ውስጥ የፓቶሎጂ ወረቀት ምስል ይኖራል፤ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሆነ በአማርኛ ይጻፍበታል። ከኋላው ባለው ኪስ የታካሚዋ የራሷ ወረቀት ይቀመጥበታል፣ እንዳይቀደድ። ሐኪሟን የምትጠይቃቸው ጥያቄዎችም አሉበት። «የኔ ዓይነቱ የትኛው ነው? ከተሰራጨበት ቦታ እንደገና ናሙና ይወሰድ ወይ?» የሚሉ ናቸው። ካንሰሩ ሲሰራጭ ዓይነቱ የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

የምርመራውን ገንዘብ ለታካሚዋ በእጅ አንሰጥም፤ ለላብራቶሪው በቀጥታ እንከፍላለን፣ ደረሰኙንም እናስቀምጣለን። የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው። ገቢና ወጪው በየወሩ በቴሌግራም ቡድናችን ይለጠፋል። የሒሳብ ቁጥሩም እዚያው አለ። መቶ ብር ያለው መቶ ብር ይስጥ። ከእድራችሁ፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ፣ ከማኅበራችሁ አሰባስባችሁ ብታመጡ ደግሞ የበለጠ ይሆናል።

ዋሽንግተን አካባቢ፣ እስራኤልና አውሮፓ ያላችሁ ነርሶችና ፋርማሲስቶች፣ ከገንዘባችሁ ይልቅ ዓይናችሁን እንፈልጋለን። የአማርኛው ረቂቅ ለተራ ሰው የሚገባ መሆኑን አንብባችሁ ንገሩን። እናቶቻቸውን አምጥተው የሚያሳክሙ ልጆችም ትምህርቱን ይፈልጉታል፤ በየሆስፒታሉ ለእናታቸው እያስተረጎሙ የሚውሉት እነሱ ናቸውና። ትምህርቱን ወደ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ለመመለስ የምትችሉም ጻፉልን።

ቀረጻውን የምንጀምረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ድምፅ የማይገባበት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያውሰን የሚችል ሰው ካለ እስከዚያ ያሳውቀን። ደረጃ የሌለው ቢሆን ይመረጣል፤ ከመካከላችን ደረጃ መውጣት የማይችሉ አሉ።