ከዋንጫው በኋላ ያለውንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በስፖርት ዓምዳችሁ ስለ ዓለም አቀፍ የራግቢ (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋጩ የሚጫወቱት ስፖርት) ተጫዋቾች ሕይወት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አንብቤዋለሁ፤ ይሁንና ስለ ዋንጫና ስለ ክፍያ በሰፊው አትቶ፣ ተጫዋቾቹ ጫማ ከሰቀሉ በኋላ ስለሚገጥማቸው ነገር አንዲት መስመር እንኳ አለማካተቱ ቅር አሰኝቶኛል።

ለአብነት የእንግሊዙን ስቲቭ ቶምፕሰንን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2003 እንግሊዝ ሲድኒ ላይ አውስትራሊያን በተጨማሪ ሰዓት 20 ለ 17 ረትታ የዓለም ዋንጫን ስታነሳ በቋሚነት የተሰለፈ፣ ለአገሩም ከ70 ጊዜ በላይ የተጫወተ ሰው ነው። በ2020፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ የመርሳት በሽታ እንደተገኘበት ይፋ ሲያደርግ፣ ያንን የፍጻሜ ጨዋታ መጫወቱን ጭምር እንደማያስታውስ ተናግሯል። ቦታው ከሁለቱም ወገን ስምንት ስምንት ሰዎች ተቆላልፈው በሚገፋፉበት ስክረም የፊተኛው ረድፍ መሐል ስለነበር፣ አንገቱና ጭንቅላቱ በጨዋታ ቀን ብቻ ሳይሆን በየልምምዱም ከባድ ጫና ይሸከሙ ነበር። በዚህ ስፖርት ለተጫዋች መክፈል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙም ፖሊሱም ገበሬውም ከሥራው በተረፈው ሰዓት ይጫወት ነበር። ክፍያው ሲመጣ ልምምዱ የሙሉ ቀን ሥራ ሆነ፣ የተጫዋቾቹ ሰውነት ገዘፈ፣ ግጭቱም በዚያው ልክ በረታ። (ክፍያውን መንቀፌ አይደለም፤ ላቡን አፍስሶ ሕዝብ የሚያዝናና ሰው ባዶ እጁን ይግባ የሚል ካለ መጀመሪያ እሱ ይሞክረው።)

ዛሬ በትልልቆቹ የራግቢ ውድድሮች ጭንቅላቱን ተመትቷል ተብሎ የተጠረጠረ ተጫዋች ለጊዜው ወጥቶ በሐኪም ይመረመራል፤ ራሱን ስቶ ከወደቀ ግን የምርመራው ውጤት ሳይጠበቅ በዚያ ጨዋታ ዳግም አይገባም። እግር ኳስም ቢሆን ጭንቅላቱን ለተጎዳ ተጫዋች ከመደበኛው ቅያሪ ውጪ ሌላ መተካት የሚያስችል አማራጭ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በሕጉ አስፍሯል።

ይህን የምጽፈው በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ የኳስ ፍቅራቸው ይበልጥ የጋለ ልጆች በሞሉበት ከተማ ሆኜ ነው። በሰፈር ሜዳዎቻችን ሁለት ልጆች የማዕዘን ምት ሊገጩ ዘለው ግንባር ለግንባር ሲላተሙ፣ የወደቀው ልጅ አናቱ ላይ አንድ ሀይላንድ ውኃ ይፈስበታል፣ «ስንት ለስንት ነን?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ከመለሰም ይገባል፣ ካልመለሰም ትንሽ ተቀምጦ ይገባል። እንዲገባ የሚወስነውም ብዙውን ጊዜ ማሸነፍ የሚፈልገው አሠልጣኝ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ በቀጣይ እትሙ ሁለት ጥያቄዎችን ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ እንዲያቀርብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ይህ የቅያሪ አማራጭ በአገራችን ውድድሮች በየትኛው እርከን ይሠራል? የወጣቶች ውድድር ላይስ ሐኪም በሌለበት ሜዳ ልጁን የማስወጣት ሥልጣን የማን ነው?

አንድ የጋዜጣው አንባቢ፣ ከጅማ