ካርዱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሰውየው ይታይ፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ከደሴ ይድረሳችሁ። የምጽፈው ስለ አንድ በር ነው፤ ስለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር። ወሎ ውስጥ ታሞ ወይም አስታሞ የሚያውቅ ሰው ይህን በር አያጣውም።

በብዙ ቦታ እዚያ በር ላይ መጀመሪያ የሚቀበለን ዘበኛ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ፣ ስንት አስታማሚ ይከተል፣ የሚወስነው እሱ ነው። ቀጥሎ ካርድ ክፍል። እዚያ ሰልፍ አለ። እግሩ የተሰበረውም፣ ጥርሱን ያመመውም፣ ደረቱን የወጋውም አንድ መስኮት ላይ ይሰለፋል። ነርስ የምትገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁሉም ሆስፒታል እንዲህ ነው አልልም፤ ደህና የሚሠሩም አሉ።

የባሰበትን የመለየት ሥራ፣ ባለሙያዎቹ ትሪያጅ የሚሉት፣ በወረቀት ላይ የነርስ ነው። በተግባር ግን የሚሠራው ዘበኛው ሆኗል። አይፈረድበትም፤ ማንም አላሠለጠነውም። የሚጮኸውን ያስቀድማል። ደም የሚታይበትን ያስቀድማል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የሚያውቀውንም ያስቀድማል። ግድግዳ ተደግፎ ዝም ያለው ሰው ይቆያል። ብዙ ጊዜ ግን የባሰበት እሱ ነው። ለመጮህም አቅም ያስፈልጋል። ትንፋሹ የደከመ ሕፃን አያለቅስም። ሆዱ ውስጥ የሚደማ ሰው ያልበዋል፣ ይገረጣል፣ ይፈዛል እንጂ ሰፈር አይረብሽም።

አጎቴን ይዘን የሄድን ጊዜ ያየሁት ይህንኑ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ሆዳቸውን ይዘው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እኛ «አብሽሩ፣ አሁን ይገባሉ» እያልን ካርድ እናሯሩጣለን። አንዲት ነርስ በዚያ ስታልፍ አየቻቸው። እጃቸውን ያዝ አድርጋ ምታቸውን ለካችና ወዲያው አስገባቻቸው። አላህ ይስጣት፣ ተርፈዋል። ግን በዚያ ያለፈችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የምጠይቃችሁ ያቺ ነርስ በሩ ላይ ሥራዬ ብላ እንድትቀመጥ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራው የትሪያጅ መለኪያ እኛም አገር የሚታወቅ ነው። ነርሷ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና ሙቀት ትለካለች። ሰውየው ነቅቷል ወይስ ደንዝዟል? በእግሩ መጣ ወይስ ተሸክመውት? አደጋ ደርሶበታል? ለእያንዳንዱ ነጥብ ትሰጣለች። ከነጥቡ ድምርና ከሚታዩት የአደጋ ምልክቶች ቀለም ይወጣል። ቀይ ወዲያው ይታያል። ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ። አረንጓዴ የደረሰው ሰው እንኳ ለምን እንደሚጠብቅ ካወቀ ንዴቱ ይበርዳል። ዘበኛውም ከጭቅጭቅ ይገላገላል።

በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት እንዴት እንደተዘረፉ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሲቲ ስካን አምጡ ብዬ አልጨቀጭቃችሁም (ቢመጣ እልል ብለን እንቀበላለን)። በሩ ላይ የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያና የሠለጠነ ሰው ነው። ከባዱ ሰው ማግኘቱ ነው። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ያነሱት የደመወዝ ጥያቄ እዚህም ይመለከተናል። የዱቲ (የትርፍ ሰዓት ተረኝነት) ክፍያዋ የዘገየባትን ነርስ ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ነቅተሽ እደሪ ማለት ይከብዳል።

የገንዘቡ ነገርም አለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ታውቁታላችሁ። እዚያ መኪና ሲገለበጥ የተጎዳውን የሚያነሳው ብዙ ጊዜ መንገደኛ ነው። ሆስፒታል ሲደርስ «ማን ይከፍላል?» ይባላል። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለመኪና አደጋ ተጎጂ ሲወጣ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና ፈቅዶ ነበር። ገንዘቡ የት ያደርሳል የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቢያንስ ግን መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ አዋጁን ይወቀው።

ሪፈርም (በሽተኛን ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ) እንዲሁ። ከወግዲ ወይም ከከለላ ገጠር የምትመጣ ወላድን የቅሬ (የእድር) ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ያደርሷታል። ከዚያ የጉጉፍቱን ብርድ አልፋ ደሴ ትገባለች። ከወሊድ በኋላ ክፉኛ የምትደማ እናት በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እንዲህ ያለችው እናት ደርሳ «አልጋ የለም»፣ «ደም የለም» መባል የለባትም። ላኪው ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ይደውል። ስልኩን የሚያነሳ ተረኛ በስም ይታወቅ፣ ሌሊትም ጭምር። ወረቀቱ ላይ የተደወለበት ሰዓት ይጻፍ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩት። የማህበረሰብ ጤና መድን ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። ይህንንም ወሎ ላይ ሞክሩት፤ አንድ ትልቅ ሆስፒታልና አንድ የወረዳ ሆስፒታል ይበቃል። በሽተኛው ከበር እስከ ነርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ይመዝገብ፤ ውጤቱም በየወሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ደቂቃው ሲረዝም ግን ነርሷን ለመቅጣት አትቸኩሉ። ከቀጣችኋት የሚያምረው መዝገቡ ብቻ ነው፤ በሽተኛው እንደቆመ ነው።

መልሳችሁን በደብዳቤ አልጠብቅም። በየሆስፒታሉ በር ላይ «ድንገተኛ ታካሚ ካርድ ሳያወጣ ይታያል» የሚል ማስታወቂያ ብታሰቅሉ ይበቃኛል። በትልቁ ይጻፍ፤ ከከሚሴና ከባቲ ለሚመጡትም በኦሮምኛ ይጨመርበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ